የተራበ ባክቴሪያ፦ ሞዴሉ አልቋል ይላል፣ ፕሌቱ ያበቅላል

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። ጅማ ነው ያለሁት። የአፕላይድ ማቲማቲክስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ምግብ ያጣ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ እንዴት እንደሚያልቅ የሚያሳይ ሞዴል እየሠራሁ ነው። ምግብ ሲያልቅ ዕድገቱ ዜሮ ይሆናል፣ ሞቱ ይቀጥላል። ሞዴሌ ይኸው ነው። ማይክሮባዮሎጂ የምትማር ጓደኛዬ ደግሞ ባክቴሪያዎቹን 100 ሚሊ ሊትር ምግብ አልባ ጨዋማ ውኃ በያዘ ጠርሙስ (ፍላስክ) ውስጥ አስቀምጣ፣ ናሙና እየወሰደች ፕሌት ላይ፣ ማለትም ምግብ ባለበት ዝርግ ሳህን ላይ፣ አብቅላ ትቆጥርልኛለች። መነሻው በሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቆጠራ የሞት ምጣኔውን በቀን 1 ገደማ አገኘሁት። በዚህ ስሌት በ18ኛው ቀን አካባቢ ሁሉም ማለቅ ነበረበት። እሷ ግን በ21ኛው ቀን በሚሊ ሊትር ወደ 130 ሺህ ቆጠረች። አማካሪዬ ‹የሞት ምጣኔውን ቀነስ አድርገው› አለኝ። ስቀንሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበላሻሉ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኔም የወደቅኩበት ጉድጓድ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፤ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል።

ስህተቱ ያለው «ሁሉም» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ሞዴልህ ፍላስኩ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ አንድ የሞት ምጣኔ ይሰጠዋል። ከሦስቱ ቀናት ያገኘኸው ቁጥር ግን የሚነግርህ ቶሎ ስለሚሞቱት ነው። ብዙዎቹ እነሱ ስለሆኑ ከርቩን ወደ ታች የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ተኝተዋል። በሦስተኛው ቀን በብዙኃኑ መሐል አይታዩህም። በ21ኛው ቀን የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

እስቲ እርሾን አስበው። ከቦካው ሊጥ ላይ የሚያቅረው ቢጫ ውኃ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ውስጡ እርሾውም ባክቴሪያውም አለ። በሦስት በአራት ቀን ተመልሰህ ካቦካህበት ሊጡ በሰዓቱ ኩፍ ይላል። የቤቱ ባለቤት አገር ቤት ሄዳ ወር ቆይታ ብትመለስስ? ሊጡ ይዘገያል። እናቶች ግን ዘገየ ብለው አይደፉትም። «እርሾው ደክሟል» ይላሉ፣ አንድ ቀን ጨምረው ይጠብቁታል፣ ይነሳል። በዚያ መዘግየት ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንደኛ፣ በሕይወት ያሉት ቁጥራቸው ቀንሷል። ሁለተኛ፣ ያሉትም ለመንቃት ጊዜ ወስደዋል። አንድ ጥሩ ሞዴል እነዚህን ሁለቱን መለየት አለበት። ያንተ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የያዘው።

ወደ ሞዴሉ ከመግባቴ በፊት ግን በትንሹ ልቆንጥጥህ። «በ18ኛው ቀን ሁሉም ያልቃል» ያልከው በራስህ ሞዴልም ትክክል አይደለም። የሞት ምጣኔ በቀን 1 ሲሆን በየቀኑ 37 በመቶ ገደማ ይተርፋል። 18 ቀን ከምናምን ሲሆነው ቁጥሩ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 በታች ይወርዳል፤ በ21ኛው ቀን 0.076 ይደርሳል። አንተ ይህን ዜሮ ብለህ አነበብከው። ፍላስኩ ግን 100 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ሞዴልህ ራሱ «ፍላስኩ ውስጥ ሰባት ስምንት ባክቴሪያ አለ» ነው የሚልህ። ጥሩ ምግብና 37 ዲግሪ ሙቀት ብትሰጣቸው ኢ. ኮላይ በየ20 ደቂቃው ስለሚራባ፣ እነዚያ ሰባት ስምንቱ ፍላስኩን በአንድ ሌሊት ሊሞሉት ይችላሉ። አሃድህን ሁሌ ተጠንቀቅ።

የዚህ ነገር የታወቀ ቀልድ አለ። በቀበሮዎች መካከል የሚዛመትን የእብድ ውሻ በሽታ የሚከተል ሞዴል ነበር። የመጀመሪያው ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ሞዴሉ ውስጥ የታመሙት ቀበሮዎች ቁጥር ይወርድ ይወርድና በካሬ ኪሎ ሜትር የአንድ ቀበሮ ቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ ይሆናል። ከዚያች ቅንጣት ተነስቶ ሁለተኛው ወረርሽኝ ይነሳል! ዴኒስ ሞሊሰን የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን ሲተች «አቶ ቀበሮ» አለው። በሳይንስ የመለኪያ ስያሜ «አቶ» ማለት የቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ ማለት ነው። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ቀልዱ እጥፍ ነው፤ ቀበሮው ማዕረግም አገኘ። ቁም ነገሩ ግን ቁጥርህ ወደ አሥር ቤት ሲወርድ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑን ትተህ ወደ ዕጣ ሒሳብ መሻገር እንዳለብህ ነው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ወይ አለ ወይ የለም። 0.076 ባክቴሪያ የሚባል ፍጡር የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሕዝቡን ለሁለት ክፈለው፣ ንቁ እና እንቅልፋም ብለህ፦

የንቁዎች የቀን ለውጥ = (ዕድገት − ሞት − ማንቀላፋት) × ንቁ + መንቃት × እንቅልፋም

የእንቅልፋሞች የቀን ለውጥ = ማንቀላፋት × ንቁ − (መንቃት + የእንቅልፍ ሞት) × እንቅልፋም

ሌላ ምንም የለውም። ዕድገቱን እንደተለመደው ከፈረንሳዊው ባዮሎጂስት ከዣክ ሞኖ ቀመር ውሰድ፦ ከፍተኛው ዕድገት ሲባዛ በምግብ፣ ሲካፈል ለግማሽ ማርኪያ (ዕድገቱ የከፍተኛውን ግማሽ የሚሆንበት የምግብ መጠን) እና ምግብ ድምር። ሞኖ ይህን ያጠናከረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው፤ አሁንም ከእሱ የሚሻል መነሻ ብዙ የለም። መንቃትም የዕድገቱን ቅርጽ ቢይዝ ያስኬዳል፤ ምግብ ሲበዛ ይጨምራል። ማንቀላፋት ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚሄደው፤ ምግብ ሲያንስ ይጨምራል።

የጓደኛህ ፍላስክ ውስጥ ምግብ ዜሮ ነው። ስለዚህ ዕድገትም መንቃትም ይጠፋሉ። የሚቀሩት ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። በእጅህ ልትፈታው ትችላለህ፤ ኮምፒውተር አያስፈልግህም። ለናሙና ሞትን በቀን 1፣ ማንቀላፋትን በቀን 0.01፣ የእንቅልፍ ሞትን በቀን 0.1 አድርገው። እያንዳንዱ ንቁ ባክቴሪያ ሁለት በር አለው፤ የሞትና የእንቅልፍ። በእንቅልፍ በር የሚወጣው 0.01 ሲካፈል ለ1.01 ነው፣ ማለትም ከመቶ አንድ። ምንም አይደለም የሚያስብል ቁጥር ነው። ግን የመቶ ሚሊዮን አንድ መቶኛ አንድ ሚሊዮን ነው።

በእነዚህ ቁጥሮች በአምስተኛው ቀን ንቁዎቹና እንቅልፋሞቹ እኩል ይሆናሉ፤ ድምራቸው በሚሊ ሊትር 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ተዳፋት የንቁዎቹ ነው፣ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የእንቅልፋሞቹ ነው፣ ለጥ ይላል። በ21ኛው ቀን ንቁዎቹ አልቀዋል ማለት ይቻላል። እንቅልፋሞቹ ግን 135 ሺህ ገደማ አሉ። ጓደኛህ 130 ሺህ ነው የቆጠረችው።

አማካሪህ ያለህን ያላየሁት እንዳይመስልህ። አንድ ተዳፋት ያለው መስመር ቁልቁለቱንም ሜዳውንም ሊይዝ አይችልም። የሞት ምጣኔውን ብትቀንሰው መጨረሻው ይስማማል፣ መጀመሪያው ይበላሻል፤ ራስህ አይተኸዋል። ጎበጥ ያለ ከርቭ በሎግ ወረቀት ላይ ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ስንት ዓይነት ሕዝብ አለ?» ብለህ ነው። ይህን በአክብሮት አስረዳቸው፤ ሥዕሉን ይዘህ ግባ። አማካሪ ከሥዕል ጋር አይከራከርም፣ ቢያንስ ብዙ አይቆይም።

የእንቅልፍ ሞት ለምን እንደሚያንስ ማወቅ አለብህ፤ ጽሑፍህን ስታቀርብና ስትከላከል መጠየቅህ አይቀርም። ባክቴሪያ ባያድግም ወጪ አለው። ሽፋኑን መጠገን፣ ያረጀ ፕሮቲን መተካት፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት መጠበቅ አለበት። ሥራ ያጣ ሰው የቤት ኪራዩ እንደማይቆምለት ማለት ነው። የተኛው ባክቴሪያ ትንሽ ቤት ተከራይቷል። አሚኖ አሲድ ሲጎድል ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን፣ ራይቦሶሙ፣ ይቆማል። ያኔ አንዲት ትንሽ የማንቂያ ሞለኪውል ትመረትና አዲስ ራይቦሶም መሥራትን ታስቆማለች። ካሼልና ጋላንት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲያገኟት ምን እንደሆነች ስላላወቁ ወረቀቱ ላይ የታየችውን ጠብታ «አስማተኛዋ ነጥብ» ብለው ሰየሟት። አሁን በሙሉ ስሟ ትታወቃለች፤ እኔ ግን አስማተኛዋን እወዳታለሁ።

ከእኛ በፊት ይህን ጎባጣ ከርቭ ያየው ጆሴፍ ቢገር ነው። ደብሊን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1944። ፔኒሲሊን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ስታፊሎኮከስ ላይ አፈሰሰው። አብዛኛው አለቀ፣ ከሚሊዮን አንድ ገደማ ግን ቀረ። ብልህነቱ ቀጥሎ ባደረገው ነገር ላይ ነው። የተረፉትን አራብቶ ልጆቻቸው ላይ እንደገና ፔኒሲሊን አፈሰሰ። ልጆቹም እንደ አያቶቻቸው አለቁ፤ እንደገና ጥቂት ብቻ ቀረ። ስለዚህ የተረፉት በዘራቸው የተለዩ አልነበሩም። አኗኗራቸው ነው የተለየው። «ፐርሲስተር» አላቸው፤ በእኛ ቋንቋ ግትሮቹ ልንላቸው እንችላለን።

ከዚያ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተዘነጋ። እ.ኤ.አ. በ2004 ናታሊ ባላባን ከባልደረቦቿ ጋር ኢ. ኮላይን በጣም ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ አስገብታ አንድ በአንድ በማይክሮስኮፕ ተከታተለች። ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ሲመጣ የተረፉት፣ መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊትም ለማደግ የማይቸኩሉት ነበሩ። አስቀድመው ተኝተዋል። ያኔውኑ ሁለት ዓይነት እንቅልፋም እንዳለ አሳየች። አንዱ ምግብ አልቆ ባህሉ (ምግብ ውስጥ የሚራባው የባክቴሪያ ስብስብ) ማደግ ሲያቆም የሚፈጠርና አዲስ ምግብ ሲያገኝም ለመንቃት የሚዘገይ ነው። ሌላው እያደጉ እያሉ ያለማቋረጥ፣ በዕጣ፣ የሚፈጠር ነው።

ይህ ልዩነት ያንተን ሞዴል በቀጥታ ይነካል። እኔ ከላይ ባስቀመጥኩልህ ስሌት መጀመሪያ ላይ አንድም እንቅልፋም አልነበረም፤ ሁሉም በረሃብ ጊዜ ነው የተኛው። ግን ማንቀላፋትን ዜሮ አድርገህ፣ መጀመሪያውኑ 1.1 ሚሊዮን እንቅልፋም በፍላስኩ ውስጥ ነበር ብትል ከርቩ ያው ነው የሚወጣው። በዓይንህ ልትለያቸው አትችልም። ሶፍትዌርህ ሁለቱንም «ግሩም ነው» ብሎ ያሳልፍሃል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሸወዳል፤ ቁጥሩ ሲገጥምለት ታሪኩም የተረጋገጠ ይመስለዋል። መፍትሔው ከሒሳቡ ውስጥ አይገኝም። ጓደኛህ ሁለት ፍላስክ ታዘጋጅ። አንዱን በፍጥነት እያደገ ካለ ትኩስ ባህል ትጀምረው፣ ሌላውን አድሮ ከቆመ ባህል። የለጥታው፣ ማለትም ከርቩ ለጥ የሚልበት ክፍል፣ ከፍታ በሁለቱ መካከል ከተራራቀ እንቅልፋሞቹ ቀድመው ነበሩ ማለት ነው። ከተመሳሰለ በረሃቡ ውስጥ ነው የተኙት።

አሁን አንድ የማልኮራበትን ነገር ልንገርህ። እኔም በተማሪነቴ ከርቤ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ አልወርድ ብለው ቆሙ። «ብክለት ነው» ብዬ ጣልኳቸው። መስመሬ ቀጥ አለ፣ ደስ አለኝ፣ አቀረብኩት። ከዓመታት በኋላ የድሮ ደብተሬን ሳገላብጥ ነው ነጥቦቹ ሊነግሩኝ የፈለጉትን የሰማሁት። ብክለት መሆኑን በእርግጥ አላጣራሁም ነበር። ስለዚህ አንተ አጣራ፤ ጓደኛህ የ21ኛውን ቀን ኮሎኒዎች (ፕሌቱ ላይ የበቀሉትን የባክቴሪያ ነጠብጣቦች) ለይታ ኢ. ኮላይ መሆናቸውን ታረጋግጥ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ብክለት አይደለም እንበል። እንቅልፍ ነው ከማለትህ በፊት ሁለት ሌላ ተፎካካሪ ሐሳብ አለ። አንዱ መበላላት ነው። የሞተ ባክቴሪያ ይፈነዳል፣ ውስጡ ያለው ለጎረቤቱ ቀለብ ይሆናል። የሙኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሥራ ካርቦን ያጣ ኢ. ኮላይ የሞት ምጣኔ የሁለት ነገሮች ክፍልፋይ መሆኑን አሳይተዋል፤ በሕይወት ያለው ለመኖር በቀን የሚያወጣው ሲካፈል አንድ ሬሳ ለሚያተርፈው ምግብ። ይህን ሐሳብ የምወደው የሞት ምጣኔን ከሰማይ የወረደ ቁጥር ከመሆን ስለሚያወጣው ነው። ግን ልብ በል፤ ይህ ብቻውን ከርቩን አያጎብጠውም። ወጪውና ትርፉ እስካልተለወጡ ድረስ በሎግ ወረቀት ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ መበላላቱ ተዳፋቱን ያስረዳልሃል፣ ጉብጠቱን አያስረዳልህም።

ሌላው የዘር ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የሮቤርቶ ኮልተር ቤተ ሙከራ አሥር ቀን የቆየ ባህል ውስጥ የተረፉትን ከአንድ ቀን ባህል ጋር ቀላቀለ። አሮጌዎቹ ወጣቶቹን አሸንፈው ቦታውን ያዙ። ረሃብን የሚወድ ሚውቴሽን ተመርጦ ነበር። ይህ ጉብጠት ሊያመጣ ይችላል። የምትለየው በቢገር ዘዴ ነው፤ የ21ኛውን ቀን ተራፊዎች አራብተህ እንደገና አስርባቸው። ልጆቻቸው እንደ መጀመሪያዎቹ በአንድ ዓይነት ከርቭ ከወረዱ እንቅልፍ ነው። በግልጽ ተሽለው ከቆዩ ዘራቸው ተለውጧል፤ ያኔ ሦስተኛ ሳጥን (ሦስተኛ የሕዝብ ክፍል) ሞዴልህ ላይ ትጨምራለህ። ጨው ውስጥ፣ ያለ ምግብ፣ በሦስት ሳምንት? እኔ ብር ባስይዝ እንቅልፍ ላይ ነው የማስይዘው። ግን ሙከራው ይፍረድ።

እዚህ ድረስ ያወራነው ስለ ፍላስክ ነው። ለጽሑፍህ ምዕራፍ አራት የምትፈልግ ከሆነ ግን ሀብቱ ያለው ከፍላስኩ ውጭ ነው። ጥያቄውም ይለወጣል፦ መተኛት የሚያዋጣው መቼ ነው?

ገበሬ ይህን ያውቃል። የመጀመሪያውን ዝናብ አምኖ ዘሩን በሙሉ የበተነ ሰው፣ ዝናቡ ቢቋረጥበት ጉድ ሆነ። ከፊሉን ጎተራ ያስቀረ ግን ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው አለው። የበረሃ አንድ ዓመት ዕፅዋትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከዘራቸው የተወሰነው ብቻ በዘንድሮው ዝናብ ይበቅላል፣ የቀረው አፈር ውስጥ ይተኛል። እስራኤላዊው ዳን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1966 ሒሳቡን ሠራው። በነገራችን ላይ የቡና ዘር ይህን አያውቅበትም፤ ጥቂት ወራት ከቆየ የመብቀል አቅሙ ይወርዳል። ጅማ ውስጥ ችግኝ የሚያፈላ ሁሉ ይህን ይነግርሃል። ጫካ ጥላ ሥር፣ ዝናብ በማይጠፋበት አገር የተፈጠረ ዛፍ ለምን ይተኛ?

ትንሽ ስሌት እንሥራ። በጥሩ ወቅት ንቁ ባክቴሪያ 10 እጥፍ ይሁን። በክፉ ወቅት መቶኛው ብቻ ይትረፍ፣ ማለትም በ0.01 ይባዛ። የተኛው በሁለቱም ወቅት በ0.9 ይባዛ። ጥሩና ክፉ እኩል ይፈራረቁ። ማንም ካልተኛስ? አማካዩን በድምር ካሰላኸው 5 ይመጣል፣ ድንቅ ነው። እውነታው ግን 10 በ0.01 ሲባዛ 0.1 ነው። በየሁለቱ ወቅት አሥር እጥፍ እየመነመነ ይጠፋል። ተባዝቶ የሚሄድን ነገር በድምር አማካይ አትለካም። አንድ ዜሮ የቀደመውን ሁሉ ይበላዋል።

አሁን በየወቅቱ መጀመሪያ 20 በመቶው ይተኛ። ጥሩው ወቅት 8.18 ይሆናል፣ ትንሽ ቀነሰ። ክፉው ግን 0.188 ይሆናል። ብዜታቸው 1.54 ነው፤ መጥፋቱ ቀርቶ ማደግ ጀመረ። ግማሹ ቢተኛ 2.48 ይደርሳል። ሁሉም ቢተኛ 0.81፤ ተኝቶ መክሰም ነው። የሚሻለውን ፈልገህ ብታወጣ 54 በመቶ ገደማ ይመጣልሃል። ክፉው ወቅት ከአሥር አንዴ ብቻ የሚመጣ ቢሆንስ? እንደገና ሥራው፤ 10 በመቶ ገደማ ይወጣል። አየህ፣ የሚተኛው ድርሻ የክፉ ቀንን ዕድል እየተከተለ ነው የሚሄደው። የኮኸን ውጤት ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ባክቴሪያው ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ግን ዘሩ ያለፈባቸው ወቅቶች በማንቀላፋት ምጣኔው ላይ ተጽፈዋል።

ኩሰልና ላይብለር እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ ወደ ባክቴሪያ አምጥተው የተሻለውን የመለዋወጫ ምጣኔ ከአካባቢው ወቅቶች ርዝመት ጋር አገናኙት። ወቅቱ በአማካይ ረጅም ከሆነ መለዋወጥ ዝግ ይበል፣ አጭር ከሆነ ይፍጠን። ወሬ ብቻ አይደለም። የባላባን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ኢ. ኮላይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት አምፒሲሊን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ውስጥ እያስገባ አሳደገ፤ አንዱን ቡድን 3 ሰዓት፣ ሌላውን 5፣ ሌላውን 8። ከጥቂት ዙር በኋላ ባክቴሪያዎቹ አዲስ ምግብ ሲሰጣቸው ከመንቃታቸው በፊት የሚቆዩበት ጊዜ ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር ተመጣጠነ። የ3 ሰዓቶቹ ለ3 ሰዓት ያህል፣ የ8ቶቹ ለ8 ያህል ይተኛሉ። ሰዓት አክባሪዎች!

ጅማ ስለሆንክ የራስህ ወንዝ አለልህ። በቡና ለቀማ ወራት በማናና በጎማ በኩል የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሲሠሩ ስኳርና ፔክቲን የሞላበት ውኃ ወደ ወንዞቹ ይወርዳል። ለባክቴሪያ ሠርግ ነው። ለቀማው ሲያበቃ ሠርጉም ያበቃል። በከተማው የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የከተማውን ጥራጊ ተሸክሞ ይሞላል፣ ከዚያ ይጎድላል። አንዱ የዓመት ምት ነው፣ አንዱ የቀናት። ምግቡን በሞዴልህ ውስጥ እንዲህ በምት የሚመጣ አድርገውና ሁለቱን ወንዞች አወዳድር። በየትኛው ውስጥ ዝግ ያለ መለዋወጥ ያሸንፋል? ይህ ለአንድ ጥሩ ምዕራፍ ይበቃል። ከሌላ አገር ጽሑፍ የተቀዳ ምሳሌ ከምታስገባ ይሄ ይሻልሃል።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ባጭሩ። ጽሑፍ ስትፈልግ «ድብቅ» የሚል ሳጥን ያላቸው ብዙ የቲቢ ሞዴሎች ታገኛለህ። አብዛኞቹ የሚቆጥሩት ሰዎችን ነው፤ ተሐዋሲው ውስጣቸው ተኝቶ ያልታመሙ ሰዎችን። አንተ የምትቆጥረው ባክቴሪያዎችን ነው። ሁለቱ እንዳይደባለቁብህ። ዝምድናቸው ግን እውነት ነው፤ የቲቢ መድኃኒት ወራት የሚፈጀው ዝግ ያሉና የተኙ ተሐዋስያን ቶሎ ስለማይሞቱ ጭምር ነው። የታማሚው ሳል በሳምንታት ሊተው ይችላል፣ የለጥታው ጅራት ግን ገና አለ።

የመጨረሻው ነገር ፕሌቱ ነው፤ ሳስበው እዚህ ጋ ነው በጣም የምትጎዳው። ጓደኛህ በስንት ሰዓት ነው የምትቆጥረው? እንደተለመደው ከሆነ አድሮ፣ በ24 ሰዓት። ለሚያድግ ኢ. ኮላይ በቂ ነው። ሦስት ሳምንት ለተኛ ግን ላይበቃ ይችላል። ዘግይቶ የነቃ ባክቴሪያ ኮሎኒውም ዘግይቶ ነው የሚታየው። ጭራሽ አጋር (ፕሌቱ ላይ ያለው የረጋ ምግብ) ላይ አልበቅል የሚሉም አሉ። የሪታ ኮልዌል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1982 የኮሌራ ተሐዋሲና ኢ. ኮላይ በሕይወት እያሉ በፕሌት ላይ ግን የማይበቅሉበት ሁኔታ ውስጥ እንደሚገቡ አሳየ። ስለዚህ 130 ሺህ ያላችሁ ዝቅተኛው ግምት ነው። በሞዴልህ ውስጥ «የተቆጠረ» እና «በሕይወት ያለ» ሁለት የተለያዩ መጠኖች ይሁኑ። የተቆጠረው በ24 ሰዓት ውስጥ የነቃው ድርሻ ብቻ ነው።

ይህ ችግር የሚመስለው ነገር ደግሞ ስጦታ ነው። መንቃት የሚለውን ምጣኔ ምግብ አልባ ፍላስክ ፈጽሞ አይነግርህም፤ እኩልታው ውስጥ ዜሮ ሆኖ ጠፍቷልና። ፕሌቱ ግን ይነግርሃል። አጋሩ ምግብ ነው። ተመሳሳዩ ፕሌት በ24፣ በ48፣ በ72 ሰዓት ቢቆጠር አዲስ የሚታዩት ኮሎኒዎች ቁጥር የመንቃትን ፍጥነት በቀጥታ ይሰጥሃል። በየአንዳንዱ ቆጠራ የታየውን በፕሌቱ ጀርባ በተለያየ ቀለም ማርከር ምልክት ታድርግበት። ፕሌቱ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይጠቅለል። ስታስማማ ደግሞ ቆጠራዎቹን ሳይሆን ሎጋቸውን ተጠቀም፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቀን 100 ሚሊዮን ሌላውን ሁሉ ድምፅ ያሳጣዋል።

የ21ኛው ቀን ፕሌቶች ገና ኢንኩቤተሩ ውስጥ ካሉ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ደውልላት። ቆጥራ ከጨረሰች በእንፋሎት ሁሉን ወደሚገድለው ማሽን፣ ወደ አውቶክሌቭ፣ ነው የምትወስዳቸው።